«እንደ ባዚሊኮው ያዘው» ያልኩት የእናቴ በሶብላ

እኔና ባለቤቴ ከሮም በስተሰሜን፣ ካስቴልኑቮ ዲ ፖርቶ አጠገብ፣ ከአንድ ሽማግሌ ጣሊያናዊ የተከራየናት ግሪን ሃውስ አለችን። ለምግብ ቤቶች ባዚሊኮና የጥብስ ቅጠል እናመርታለን። ባዚሊኮ የጣሊያኖች በሶብላ ነው በሉት፤ የሚሸጠው ግን ቅጠሉ ብቻ ስለሆነ አበባ እንዳያወጣ ጫፉ በየጊዜው ይቀነጠሳል። በዚህ ሥራ ባለቤቴን የሚያህለው የለም። አዲስ አበባ ታክሲ ይነዳ የነበረ ሰው፣ ሲቀነጥስ የሕፃን ጥፍር የሚቆርጥ ይመስላል።

ከበሩ በስተግራ ያለው መደብ ግን የእኔ ብቻ ነበር፤ እሱ ነክቶት አያውቅም። እዚያ የማበቅለው የእናቴን በሶብላ ነው። የመጀመሪያውን ዘር ከጓሮዋ ለቅማ፣ በጨርቅ ቋጥራ የሰጠችኝ እሷ ናት። በሶብላ ደግሞ ያለ አበባው ምንም ነው፤ ለበርበሬና ለሽሮ የሚፈለገው አበባው ነው፣ ዘሩም የሚገኘው ከዚያው ነው። በየዓመቱ አንድ ጭብጥ ዘር ለመጠባበቂያ አስቀር ነበር። በዚያ ዓመት ግን ሮም፣ ካስትሮ ፕሬቶሪዮ ሰፈር ያሉት የሐበሻ ባለሱቆች አብዝተሽ አምጪ ስላሉኝ የነበረኝን ሁሉ ዘራሁት።

መስከረም ላይ፣ በሶብላው ሊያብብ ሲል፣ እናቴ አረፈች። ሻንጣዬን እየዘጋሁ ሳለ ባለቤቴ መደቡን ምን ላድርገው አለኝ። እንደ ባዚሊኮው ያዘው አልኩት። ውሃውን ማለቴ ነበር። ቫ ቤኔ፣ እሺ ብሎ ሻንጣዬን አነሳ።

አዲስ አበባ ስደርስ ተቀብራለች። ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ እንባ እምቢ አለኝ፤ ሰው ሁሉ ያየኛል፣ እኔ ደርቄያለሁ። ጓሮ ብወጣ መደቧ፣ ከታመመች ወዲህ የሚያጠጣው ጠፍቶ፣ ባዶ አፈር ሆኗል። ግድ የለም፣ ሮም አለ ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ከወር በኋላ ስመለስ ባለቤቴ ከኤርፖርት በቀጥታ ወደ ግሪን ሃውሷ ወሰደኝ። የሚያሳየኝ ነገር እንዳለው ከፊቱ ያስታውቃል። በሩን ገፋ አድርጎ ወደ ግራ አመለከተኝ። መደቡ ለምለም፣ ጥቅጥቅ ያለ፣ እኩል የተከረከመ ነው። አንድ አበባ የለበትም።

ቅጠሉን እየገለጥኩ ከዳር እስከ ዳር ፈለግሁ።

«አበባው የት ሄደ?»

«በየሁለት ቀኑ ስቀነጥስለት ነበር። አንድም አላመለጠኝም።»

«አንተ ሰው፣ ምን አደረግከኝ?»

ፊቱ አመድ መሰለ። «እንደ ባዚሊኮው ያዘው አላልሽኝም?»

ብዬዋለሁ። ሰነፍ ባል አግብቼ ቢሆን ኖሮ ዘሩ ይተርፍልኝ ነበር። እዚያው አፈሩ ላይ ቁጭ አልኩ፤ ለቅሶ ቤት እምቢ ያለኝ እንባ ያን ጊዜ መጣ። እሱ ለአበባው የማለቅስ መስሎት ይቅርታ ይለኛል፣ እኔ እናቴን እጣራለሁ።

በሶብላው እንደገና ማበቡ አልቀረም። ማሞቂያ የለንምና ዘሩ ሳይበስል ብርዱ ደርሶ አጠቆረው።

ዛሬ መደቡ ላይ ያለው ከካስትሮ ፕሬቶሪዮ በገዛሁት ዘር የበቀለ ነው። ደንበኞች ይወዱታል። ባለቤቴ በዚያ በኩል ሲያልፍ እጁን ወደ ኋላ ያጣምራል። አበባው ለመቆረጥ ሲደርስ፣ አግዘኝ እንጂ፣ ይሄ የሱቅ ነው እለዋለሁ። አይነካውም። ብቻዬን እቆርጣለሁ።