ቀይ ቀለም የጠጣው ቱቦ

መምህርት ዘርፉ አዳማ ውስጥ ፊዚክስ ታስተምር ነበር። ራጅ ሲባል ሰው ሁሉ የሚያስበው የተሰበረ አጥንት ነው፤ እሷን እንቅልፍ የነሳት ግን የራጅ ጨረርን አንዲት ደቃቅ ነጥብ ላይ መሰብሰብ ነበር። ጨረሩ እንደ ብርሃን በተራ ሌንስ አይሰበሰብም። እየጠበበ በሚሄድ ቀጭን የመስታወት ቱቦ ውስጥ ግን ልሙጡን ግድግዳ እየታከከ አልፎ ጫፉ ላይ ይገናኛል። ለዚህ የሚሆነው የፈረንጅ ዕቃ ዋጋው አይቀመስም። ታዲያ ድሃ አይመራመር? ይሄ ነበር የሚያንገበግባት።

እናም ቱቦ ሰቅላ፣ ግርጌው ላይ የሚዛን ድንጋይ አንጠልጥላ፣ ወገቡን በእሳት ታቀልጠዋለች፤ ድንጋዩ ወደ ታች ሲስበው ይቀጥናል። ስንቱ ተሰበረ! በሐምሌ 1976 ግን አንዱ እንደተመኘችው ወጣላት። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው የቀድሞ አስተማሪዋ ገብረወልድ፣ "ይዘሽው ነይ፤ በእኛ የራጅ መሣሪያ እንፈትነዋለን" አላት። እስከዚያው በጨርቅ ጠቅልላ የትምህርት ቤቷ ላቦራቶሪ ቁምሳጥን ውስጥ ቆለፈችበት።

ነሐሴ ላይ ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ኤግዚቢሽን ዕቃ እንዲሰበሰብ ትእዛዝ ወረደ። የትምህርት ቤቱ ካድሬ ጓድ ኃይለየሱስ በትርፍ ቁልፍ ቁምሳጥኑን ከፍቶ ቱቦውን አወጣው። ቀዳዳው ለዓይን አይታይም። "ሰፊው ሕዝብ የማያየው ፈጠራ ምን ይረባል?" ብሎ ጫፉን ቀይ ቀለም ውስጥ ነከረው። ቱቦውም ቀለሙን ምጥጥ አድርጎ ጠጣ። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል!

ዘርፉ ስትደርስ ቀለሙ ደርቋል።

"ምን አደረጉት?"

"አሳመርነው እንጂ! አሁን ከሩቅ ይታያል።"

"ጨረሩ የሚያልፈው እኮ በውስጡ ነው!"

"ይታጠባላ።"

አንቱታው ከአፏ ጠፋ። "ፀጉር የማያስገባ ቀዳዳ በምን ይታጠባል? በምላስህ?"

መስከረም ላይ በአዳማው ኤግዚቢሽን ቱቦው ቀይ ጨርቅ ላይ ተጋድሞ አንደኛ ወጣ። ሥሩ የተጻፈው ዕቃ የሰበሰበው የእነ ኃይለየሱስ ኮሚቴ ስም ነው፤ የእሷ የለም። ኃይለየሱስ ጥርስ በጥርስ ሆኖ መጣ።

"ጓድ ዘርፉ፣ እንኳን ደስ ያለዎት! ለአዲስ አበባው ኤግዚቢሽን ተፈልጓል። ረዘም ያለ ሌላ ይሥሩልን፤ ቀለሙን እኛ እንሞላዋለን።"

"እጄን ቁረጡት እንጂ አልሠራም" አለች።

በወሩ ላቦራቶሪ ወደሌለው የመቂ ትምህርት ቤት ተዛወረች። ያ ቱቦ ቀለም ባይገባበት ጨረሩን ይሰበስብ ይሁን አይሰበስብ እስከ ዛሬ አላወቀችም።