ቁልፉ የማይሰጠኝ ካዝና

ባለቤቴ ጠመንጃ ሊገዛ ማሰቡን የነገረኝ እንደ ተራ ወሬ አድርጎ ነው። እኔ ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር። "የአዳኞች ኮርስ ልጀምር ነው። ፈተናውን ካለፍኩ ፖሊስ ፈቃድ ይሰጠኛል" አለኝ። የቀለደ መስሎኝ ሳቅሁ። እሱ ግን አልሳቀም።

ባለቤቴ እዚህ ስዊድን የአውቶቡስ መካኒክ ነው። ጋራዡ ውስጥ አብሮት የሚሠራ አንድ ስዊድናዊ አለ፤ ኡፕላንድስ ቬስቢ ከምትባለው ከተማ ወዲያ ጫካ ያለው፣ ጡረታ ሊወጣ የተቃረበ፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነው። በየዓመቱ ጥቅምት ሲገባ ከጓደኞቹ ጋር ኤልይ ያድናል። ኤልይ ከበሬ የሚተልቅ፣ ቀንዱ እንደ መዳፍ የተዘረጋ የዚህ አገር የዱር እንስሳ ነው። አንድ ጥቅምት ባለቤቴን ይዞት ሄደ። ባለቤቴም ሱሪው እስከ ጉልበቱ በጭቃ ተለውሶ፣ ፊቱ በርቶ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ልቡ እዚያው ጫካ ቀረ።

እሱ የጎጃም ገበሬ ልጅ ነው። አባቱ ጠመንጃቸውን ከራስጌያቸው ሰቅለው ነበር የሚያድሩት። ለሠርግም ለልቅሶም ይዘውት ይወጡ ነበር። እኔ ደግሞ የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ። የእኔ አባት ፈቃድ ያለው ሽጉጥ ነበራቸው፤ መንግሥት ተለውጦ የቤት ፍተሻ ሲመጣ ግን ያ ፈቃድ ራሱ መዘዝ ሆነ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሽጉጡን በአሮጌ ፎጣ ጠቅልለው ሽንት ቤቱ ጉድጓድ ውስጥ ሲጥሉት አየሁ። ልጅ ነበርኩ። "ምንም አላየሽም" አሉኝ፤ እኔም ምንም እንዳላየሁ ሆንኩ። አንድ አልጋ ላይ የምንተኛ ሁለት ሰዎች ስለ አንድ ብረት የምናስበው ይህን ያህል የተራራቀ ነበር።

የብርዱን ወራት ሙሉ ተማረ። ቬሊንግቢ ሰፈር ያለው ቤታችን ጠባብ ስለሆነ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ነበር የሚያጠናው። እዚሁ የተወለደችው ልጃችን አማርኛ ትሰማለች፤ መልሷ ግን በስዊድንኛ ነው። መጽሐፉን ይዛ እንደ አስተማሪ ትጠይቀው ነበር።

"እንስሳውን አቁስለኸው ወደ ጎረቤት መሬት ቢገባስ?"

"እ... ወዲያው አስታውቃለሁ።"

"ለማን?"

ራሱን ሲያክ ትስቅበታለች። እሱም ይስቃል። እንዲህ አብረው ሲስቁ ካየሁ ቆይቼ ስለነበር ተቃውሞዬን ዋጥኩት። የጽሑፉንም የተኩሱንም ፈተና አለፈ። ፖሊስ ጠመንጃውን ለምን እንደፈለገው ሲጠይቀው "ለአደን" አለ፤ ፈቃዱም መጣ። "ራሴን ልጠብቅበት" ቢል ኖሮ አይሰጡትም ነበር። ሽጉጥ ወገብ ውስጥ ሸጉጦ መንገድ መውጣትማ እዚህ ለተራ ሰው አይታሰብም።

ከጠመንጃው በፊት ካዝናው መጣ። የብረት ቁም ሳጥን ነው፤ ጓደኞቹ ደረጃውን እያቃሰቱ አወጡትና እኔ ካፖርቶች የምሰቅልበት ጓዳ ውስጥ ከግድግዳው ጋር በብሎን አሰሩት።

"ቁልፉን የት ነው የምታስቀምጠው?" አልኩት።

"ልነግርሽ አልችልም።"

"ምን ማለትህ ነው?"

"ሕጉ ነው። ፈቃድ ያለው ሰው ብቻ ነው የሚከፍተው።"

"እኔ እኮ ሚስትህ ነኝ!"

"ሕጉ ሚስት ምናምን አይልም" አለና ትከሻውን ሰበቀ።

በዚያው ዓመት ጥቅምት ከአደኑ የድርሻውን ሥጋ ይዞ መጣ። እኔ ደግሞ ይበላል አይበላም ብዬ ተጨነቅሁ። ቤተ ክርስቲያን የንስሐ አባታችንን ጠየቅኋቸው።

"ያመሰኳል?" አሉኝ።

"ያመሰኳል፣ አባቴ።"

"ሰኮናውስ ስንጥቅ ነው?"

"ስንጥቅ ነው አሉ።"

"ታዲያ እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ? ሲባርከው በስመ አብ ይበል" ብለው ወደ ጉዳያቸው ሄዱ። ባለቤቴ ለአዳኝ ጓደኞቹ ይህን ሲነግራቸው፣ ከዚያ ወዲህ አውሬ በወደቀ ቁጥር ቢላዋ ከመውጣቱ በፊት እሱን ይጠብቁት ጀመር። ይህን ሲያወራ ደስ ይለው ነበር።

በተከታዩ በጋ ታናሽ ወንድሜ ከአሜሪካ ሊጠይቀን መጣ። እሱ በሚኖርበት ግዛት ፈቃድ ያለው ሰው ሽጉጡን በልብሱ ሸፍኖ ይዞ መሄድ ይችላል። ወንድሜም ከዓመታት ጀምሮ እንዲያ ነው የሚወጣው፤ ቤተ ክርስቲያንና ልጆቹ ትምህርት ቤት ሲሄድ ብቻ ይፈታዋል። ወደ እኛ ሲመጣ ግን ትቶት መጣ። ከቤት ስንወጣ ሁልጊዜ በር ላይ ቆም ብሎ የቀኝ ጎኑን ይዳስስ ነበር። "ጥርሱ እንደ ወለቀ ሰው ሆኛለሁ" አለኝ፤ "ምላሴ እዚያው ይሄዳል።"

እሱ ከመምጣቱ ትንሽ ቀደም ብሎ ከእኛ ብዙ በማይርቅ አደባባይ ላይ አንድ ወጣት በጥይት ተገድሎ ነበር። እራት ላይ ወሬው ከዚያ ተነሣ።

"ጋሼ፣ እንዲህ እየሆነ እርስዎ ሽጉጥ እንኳ አይፈቀድልዎትም?" አለ ወንድሜ ለባለቤቴ።

"እኔ ለሰው ብዬ አይደለም የያዝኩት።"

"ሌባ በሩን ሰብሮ ቢገባስ?"

"ፖሊስ እጠራለሁ።"

"ፖሊስ እስኪደርስ?"

"እኔ ካዝናውን እስክከፍት ሌባው ሻይ ጠጥቶ ይሄዳል" አለ ባለቤቴ። ሁላችንም ሳቅን።

ልጄ ግን አልሳቀችም። በስዊድንኛ ጀመረች፤ አጎቷ እንደማይሰማት ስታይ እየተንተፋተፈች ወደ አማርኛ ዞረች። "አጎቴ፣ የሞተው ልጅ እኔ ትምህርት ቤት ነበር። እሱም ሽጉጥ ነበረው። ምን ጠቀመው?"

"የእሱ ሕገ ወጥ ነው፣ የኔ ልጅ" አለ ወንድሜ ረጋ ብሎ። "እኔ ሥልጠና ወስጄ፣ አሻራዬን ሰጥቼ፣ ተመርምሬ ነው የያዝኩት። ሕግ አክባሪውን ትጥቅ ብታስፈቺው ታጥቆ የሚቀረው ማን ነው?"

"ሁሉም ቢይዝ እኔ እንዴት ብዬ ነው አውቶቡስ የምሳፈረው?" አለች። እሱም መልስ ነበረው፤ እሷም መልስ ነበራት። ሳህኖቹ እስኪነሡ ተከራከሩ። እኔ የማን ወገን እንደሆንኩ ሲጠይቁኝ ሰላጣ ጨምሩ አልኳቸው።

በማግስቱ ብቻችንን ስንሆን ወንድሜ ስልክ ላይ ነግሮኝ የማያውቀውን ነገረኝ። ነዳጅ ማደያ ውስጥ ሱቅ በነበረው ጊዜ ሁለት ሰዎች ገብተው አፈሙዝ ግንባሩ ላይ ደግነውበት ነበር። "እትዬ፣ ጀብደኛ ሆኜ አይደለም የምታጠቀው። ሰዎቹ ከሄዱ በኋላ ወለሉ ላይ ተቀምጬ ቀረሁ። ደንበኛ ሲገባ እንኳ መነሣት አቃተኝ። እንደዚያ ሆኜ ዳግመኛ መገኘት አልፈልግም።" እጁን ያዝኩት።

ሊመለስ ሲል ለልጆቹ ልብስ እንግዛ ብለን ሻርሆልመን የገበያ አዳራሽ ሄድን። ከደረጃው ስንወርድ ከኋላችን አንድ ነገር ጧ አለ። ወንድሜ በግራ እጁ እኔን ገፍትሮ ከምሰሶ ጀርባ ከተተኝ፤ ቀኝ እጁ ሸሚዙን ገልቦ ባዶ ወገቡን ያዘ። ጭማቂ የጫነ ጋሪ ተገልብጦ ነው። ጋሪውን የሚገፉት ልጆች ጠርሙሶቹን እየለቀሙ እርስ በርስ ይሰዳደባሉ። ወንድሜ ላብ በላብ ሆኖ ነበር። "ይዤው ቢሆን ኖሮ አወጣው ነበር" አለ። ይህን ያለው በጸጸት ይሁን በቁጭት አላወቅሁም፤ እሱም ያወቀ አይመስለኝም። ልብሱን ገዝተን ወደ ቤት ተመለስን። እራት ላይ ከልጄ ጋር ክርክሩን ካቆሙበት ቀጠሉ።

ወንድሜ ከሄደ በኋላ በዚያው ዓመት የባለቤቴ እናት አረፉ። አገር ቤት መንገዱ በጦርነት ተዘግቶ ስለነበር ለቀብር ሊደርስ አልቻለም። መርዶውን ሰምተን ሰው መጣ፣ ተለቀሰ፣ ተጸለየ። ሰው ሲበተን ግን ባለቤቴ አልተነሣም። ሥራ ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ ካፖርቱን ሳያወልቅ ይቀመጣል። እንጀራውን ቆርሶ መልሶ ያስቀምጠዋል። "ምን ሆነሃል?" ስለው "ምንም" ይላል። ቆይቶ ሥራም መሄድ ተወ። ጥቅምት መጣ፤ የአደን ጓደኛው ደጋግሞ ደወለ፤ አላነሣለትም።

እኔ ሽማግሌዎችን ቤታቸው እየሄድኩ ነው የምረዳው። አንድ ቀን ሥራ ቀደም ብሎ አልቆልኝ ስገባ ካፖርት ጓዳው ክፍት ነበር። ባለቤቴ ትንሽ ወንበር ላይ ተቀምጦ ጠመንጃውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ በጨርቅ ይወለውላል። ጠመንጃው ከዓመት በላይ አልተተኮሰም፤ የሚጸዳ ነገር አልነበረውም። ቀና ብሎ አየኝና እንደማያውቀኝ ሰው ዓይኑን መለሰ።

"አስገባውና ቆልፈው" አልኩት። አስገባው፤ ቆለፈው።

"ቁልፉን ስጠኝ።"

"አይፈቀድም።"

"እንግዲያስ ጓደኛህ ይውሰደው። እሱ ፈቃድ አለው።"

"ተዪኝ" አለና አልጋው ላይ ሄዶ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ለወንድሜ ደወልኩለት። እሱ ዘንድ ገና ረፋድ ነበር። የጠበቅሁት "መብቱ ነው፣ ምን አገባሽ" እንዲለኝ ነው። እስክጨርስ ሰማኝ።

"ነገ ሐኪም ዘንድ ውሰጂው" አለኝ። "ስለ ጠመንጃውም ንገሪያቸው።"

"አንተ ነህ ይህን የምትለኝ?"

"እኔ ነኝ። እዚህ አንድ ጓደኛዬ ሚስቱ ጥላው የሄደች ጊዜ ሽጉጦቹን ለምኜ ወስጄ እኔ ቤት ቆለፍኩባቸው። ሲሻለው መለስኩለት። መብት መብት ነው፤ ሰው ሲታመም ግን መብት አያስታምመውም። እትዬ፣ ከነገ እንዳታሳልፊው።"

ከባለቤቴ ደብቄ ማድረግ አልፈለግሁም። ጠዋት ሻይ ሰጠሁትና ነገርኩት፤ "ዛሬ ጤና ጣቢያ እንሄዳለን። እኔም አብሬህ እገባለሁ። ስለ ጠመንጃው አንተ ካልተናገርክ እኔ እናገራለሁ።" ሻዩን አልጠጣውም፤ ጫማውን ግን አጠለቀ።

ሐኪሟ ወጣት ናት። ስለ እንቅልፉ፣ ስለ ምግቡ፣ ስለ እናቱ ጠየቀችው፤ ባጭሩ መለሰላት። ከዚያ ወረቀት ሳታይ ቀጥታ "መሞት አምሮህ ያውቃል?" አለችው። ዝም አለ። ዝምታው ሲረዝም እኔ ነገሩ ገባኝ።

"ቤታችን ጠመንጃ አለ" አልኩ። "ቁልፉ እሱ ጋ ነው።"

ሐኪሟ አልደነገጠችም። ለእንዲህ ያለ ሕመምተኛ ጠመንጃ መያዝ የማይገባ መስሎ ከታያት ለፖሊስ የማስታወቅ ግዴታ እንዳለባት አስረዳችው፤ "ቅጣት አይደለም" አለችው። እሱ ወለሉን እያየ ራሱን ነቀነቀ። መድኃኒት አዘዘችለት፤ ከሚያነጋግረው ባለሙያም ቀጠሮ ያዘችለት።

ፖሊሶቹ ሳይውሉ ሳያድሩ መጡ፤ አንዲት ሴትና አንድ ወንድ። ጎረቤት እንዳያይ ብዬ ሳስብ እንደነበር አልክድም። ባለቤቴ ራሱ ካዝናውን ከፈተ፤ ጠመንጃውን ባዶ መሆኑን አሳይቶ እንደ ተማረው አድርጎ አቀበላቸው። ሴትዮዋ አመሰገነችው። በሩ ሲዘጋ "ደስ አለሽ?" አለኝ። "አዎ" አልኩት። ውሸት አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ከ"እንደምን አደርሽ" በላይ አላነጋገረኝም። ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመለስ አጠገቡ ትቀመጥ ነበር። መድኃኒቱ ቀስ ብሎ ሠራ፤ መጀመሪያ እንቅልፉ መጣ፣ ከዚያ ምግቡ። አንድ ቀን ሬዲዮ ሲከፍት ሰማሁት። በፀደይ ለግማሽ ቀን ሥራ ጀመረ። ያ ቃል ቆጣቢ ጓደኛው ቤታችን መጥቶ ጠረጴዛችን ላይ ከባለቤቴ ጋር ቡና ጠጣ። ሊሄድ ሲል "በጥቅምት ከውሾቹ ጋር የሚሄድ ሰው ያስፈልገናል፤ ለዚያ ጠመንጃ አያስፈልግም" አለው።

ባለቤቴ ሄደ። ውሾቹን ይዞ አውሬውን ወደ ተኳሾቹ እየነዳ ጫካ ለጫካ ሲዞር ይውላል። ወንድሜ ይህን ሲሰማ በስልክ ተቆጣ። "ጋሼ፣ አሁን ተሽሎዎታል፤ ሐኪሟ ትጻፍልዎትና ፈቃዱን መልሰው ያውጡ እንጂ! መብትዎ ነው!"

"መብቴ መሆኑን አውቃለሁ" አለው ባለቤቴ። "ግን በእግር መሄዱን ወድጄዋለሁ።" ፖሊስ ጋ የቆየውን ጠመንጃ ወደ ጠመንጃ ነጋዴ አስወስዶ አሸጠው። የእኔን ሐሳብ አልጠየቀኝም፤ እኔም አልሰጠሁም። ልጄና ወንድሜ እስከ ዛሬ በስልክ ይከራከራሉ። ሁለቱም አንድ እርምጃ አልተንቀሳቀሱም፤ ግን ሳይደዋወሉ አይሰነብቱም።

ባለፈው ጥቅምት ከአደን ሲመለስ ባቡር ጣቢያ ልቀበለው ሄድኩ። ዝናብ ነበር። ጃንጥላዬ ስር ገብቶ ጥቂት እንደተራመድን "ያን ቀን ሐኪሟ ስትጠይቀኝ አንቺ ባትናገሪ እኔ አልናገርም ነበር" አለ።

"አውቃለሁ" አልኩት።

"በጣም ተናድጄብሽ ነበር።"

"እሱንም አውቃለሁ።"

ቦርሳውን ተቀበልኩት፤ ጃንጥላውን እሱ ያዘልኝ።