ክሬም የቀመሰ ልጅ

ክብ የፊት ክሬም ቆርቆሮ ባየሁ ቁጥር አፌ ላይ የቸኮሌትና የቡና ጣዕም ይመጣብኛል፤ ተከትሎት ደግሞ ያ የድሮ ፍርሃት።

ልጅ እያለሁ፣ በሰማንያዎቹ መጨረሻ ግድም፣ ቤታችን አርባ ምንጭ ሲቀላ ሰፈር ነበር። እማዬ ለበዓልና ለሠርግ ብቻ የምትቀባት ጽጌረዳ ጽጌረዳ የምትሸት ክሬም ነበረቻት። እንዳንነካባት ታዲያ «ይቺን የቀመሰ ልጅ ይተኛል፤ ከተኛ አይነሳም» እያለች ታስፈራራናለች። እኔ ቃል በቃል ነበር የማምናት።

አንድ ክረምት ታላቅ እህቴ ሰናይት፣ አዲስ አበባ የምግብ ዝግጅት የምትማረው፣ ለእረፍት መጣች። «ዛሬ የቸኮሌትና የቡና ክሬም ፓይ እሠራላችኋለሁ» አለችን። ፓይ ምን እንደሆነ ማን ያውቃል! ብስኩቱን በሙቀጫ የወቀጥኩት እኔ ነኝ፤ ሙቀጫው የበርበሬ ሽታው አልለቀው ብሎ ሲያስነጥሰኝ ዋለ። እሷ የተወቀጠውን በቀለጠ ቅቤ ለውሳ ሳህን ላይ ጠፈጠፈችው። ወፍራም ቡና አፍልታ ካካዎ በጠበጠችበት። በጣቴ ቀመስ አድርጌ ውሃ ልቀዳ ወጣሁ።

ስመለስ ሰናይት ፓዩን ማንጎው ጥላ ስር ቀዝቃዛ ውሃ ባለበት ሳፋ ውስጥ አስቀምጣ፣ እማዬን ከጎረቤት ልትጠራ ስትወጣ በር ላይ ተገናኘን። «ክሬሙን አንድም ሳላስቀር ጨመርኩት! ማሙሽ ድስቱን እየላሰልሽ ነው» ብላኝ አለፈች።

ገባሁ። ጠረጴዛው ላይ የእማዬ ክሬም ቆርቆሮ ባዶዋን ተከፍታ ተቀምጣለች። የአራት ዓመቱ ወንድሜ ማሙሽ እስከ ጆሮው ቸኮሌት ሆኗል።

ድስቱን ነጠቅኩት። «ትፋ! ማሙሽ፣ ትፋው!» አልኩት። አለቀሰ፤ ሲያለቅስ ቆይቶ ሰሌኑ ላይ ተጋደመና ተኛ። ነቀነቅኩት፣ ጆሮውን ቆነጠጥኩት፣ ወይ ፍንክች! ያኔ እኔም ጣቴን መላሴ ትዝ አለኝ፤ ክሬሙ ቀድሞ ገብቶበት እንደሆነስ ምን አውቃለሁ! ዓይኔ ከበደኝ። ከተኛሁ እኔም አልነሳም፣ እሱንም የሚቀሰቅሰው የለም ብዬ ሽፋሽፍቶቼን በጣቶቼ ይዤ ቁጭ አልኩ። እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም።

የወተት ደንበኛችን እማማ ወርቅነሽ የዶርዜ ሰው ናቸው። ጠዋት ያመጡበትን የወተት ቅል ሊወስዱ ሲመጡ እንደዚያ ሆኜ አገኙኝ። እየተንሰቀሰቅኩ «እማማ፣ ማሙሽ ክሬም በልቶ ሞተ» አልኳቸው። ቅላቸውን ረስተው ተንበረከኩና ጆሯቸውን ደረቱ ላይ፣ እጃቸውን ሆዱ ላይ አደረጉ። ከዚያ ፈገግ አሉ። አማርኛቸው ወንዱን ሁሉ ሴት ያደርገዋል።

«አይዞሽ ልጄ፤ ልጁ አልሞተችም። ጠግባ ነው የተኛችው።»

ሰናይት ከእማዬ ጋር ተመልሳ ነገሩን ስትሰማ በሳቅ ፍርስ አለች። «አንቺ ሞኝ! ክሬም እኮ ስልባቦት ነው፤ እማማ ወርቅነሽ ካመጡት ወተት ላይ የገፈፍኩት! ቆርቆሮዋን እማዬ ጨርሳ ጥላት ነው፤ አጥቤ ካካዎ ሰፈርኩባት።» በእኛ ቤት ክሬም የሚባለው ፊት ላይ የሚቀባው ብቻ ነው፤ ምናለ ከመጀመሪያው ስልባቦት ብትል! እኔ ግን አልሳቅኩም። ማሙሽ እስኪነሳ ፓዩን አልቀምስም ብዬ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ሲነቃ መጀመሪያ የጠየቀው «ሌላ አለ?» ብሎ ነው።

ዛሬ ሲቀላ ክሬሙ በካርቶን ይሸጣል፤ ልጆቼም ፓይ ሲሉ አፋቸውን አይዛቸውም። እማማ ወርቅነሽ ካረፉ ቆዩ። ማሙሽ የከባድ መኪና ሾፌር ሆኗል። በዚህ ሲያልፍ እኔ ጋ ምሳውን ይበላና ያ ሁሉ ቁመቱ ሶፋው ላይ ይዘረጋል። ያኔ ሳህን ማጠቤን ትቼ ቀስ ብዬ እሄድና እጄን ሆዱ ላይ አሳርፋለሁ፤ ከፍ ዝቅ እስኪል እጠብቃለሁ። ልጄ ባለፈው አይታኝ ደነገጠች።

«እማዬ፣ አጎቴ ምን ሆነ?»

«ምንም አልሆነ፤ ጠግባ ነው የተኛችው» አልኳት።