የሸዋገነት ሳቅ

ኮልፌ አጠና ተራ እንጨት ገዝቶ የሚያውቅ ሰው ሸዋገነትን ሳያውቃት አይቀርም። አጠናውን በአንድ ጫፉ ከፍ አድርጋ፣ አንድ ዓይኗን ጨፍና በርዝመቱ ታየዋለች፤ የጠመመውን ለአጥር፣ ቀጥ ያለውን ለቤት ትለያለች። ነቀዝ የገባበትን እንጨት ደህና ነው ብላ ሸጣ አታውቅም። ዋጋ ሊሰብር ከሚጨቃጨቅ ደንበኛ ጋር ደግሞ አፍ አትካፈትም፤ እንጨቱን ከእጁ ተቀብላ ወደ ክምሩ ትመልሰዋለች። ኩሩ ናት የሚሏት ነበሩ። ኩሩ አይደለችም፣ መዋሸት ስለማትችል ነው ወሬ የምታሳጥረው።

ባሏ ወልደ አማኑኤል ግን ሌላ ፍጥረት ነበር። ቀልድ ያልገባበት ቀን የዋለ አይመስለውም። ከሁሉ የባሰው ልማዱ ጫማ መደበቅ ነው፤ ሁለቱንም ቢደብቅ ባልከፋ፣ የግራውን ብቻ! ሸዋገነት እሑድ ጠዋት ነጠላዋን አጣፍታ ለቤተ ክርስቲያን ስትነሣ አንድ ጫማ ይዛ ትቀራለች። ሌላው ወይ ከዱቄት ቆርቆሮው ውስጥ፣ ወይ ከቁም ሣጥኑ ጣራ ላይ፣ አንድ ጊዜማ ግቢ ካቆመው ረጅም አጠና ጫፍ ላይ ተሰክቶ ተገኝቷል። እየሰደበችው ትስቃለች፣ እየሳቀች ትሰድበዋለች። ልጅ ባይወልዱም አሥራ ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ኖሩ። በስድሳ ሦስት ዓመተ ምሕረት ሐምሌ ላይ ሳንባውን ታመመና በሦስት ሳምንት ውስጥ ሞተ።

ቤቱ ውስጥ ሁለት ሴቶች ቀሩ፤ ሸዋገነትና የወልደ አማኑኤል እናት እማማ ብርቅዬ። ሸዋገነት ጸጉሯን ተቆርጣ ከል ለብሳ በአርባኛው ቀን ወደ እንጨቷ ተመለሰች። እማማ ብርቅዬ ግን ከቀብር እንደ መጡ ጫማቸውን አውልቀው አልጋ ሥር ከተቱትና ከደጅ ወጥተው አያውቁም። ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ይውላሉ። ጅማ የሚነግደው ታናሽ ልጃቸው ገብረወልድ፣ «እኔ ጋ ይምጡ» እያለ ይልክባቸዋል። እሳቸውም፣ «እስከ ዓመቱ ተዝካር ልቆይ፤ ከዚያ አያለሁ» ይላሉ።

ይህች «አያለሁ» የምትባል ቃል ሸዋገነትን እንቅልፍ ነስታታለች። እማማ ከሄዱ፣ ወልደ አማኑኤል እንዴት ያለ ሰው እንደነበር የሚያውቅ ሁለተኛ ሰው በዚያ ቤት አይኖርም። ከባሏ የተረፏት እሳቸው ብቻ ናቸው።

መጋቢት ላይ ጎረቤታቸው አቶ ወዬሳ፣ የጭነት መኪና ሾፌሩ፣ ከአስመራ ቴሌቪዥን ይዘው መጡ። ለአንቴናው ረጅም አጠና ፈለጉና ሸዋገነት ክምሩን ገለባብጣ አንድ እንከን የሌለው መረጠችላቸው። እንጨቱ ከቆመ በኋላ፣ «እንዲህ ያለ እንጨት ሰጥተሽኝማ ቅዳሜ መጥተሽ ያመጣውን ሳታዪ አትቀሪም» አሏት። እሷም እንጨቱ ምን እንደተሸከመ ማየት ፈለገች። ቅዳሜ ማታ አንድ ሰዓት ላይ ነጠላዋን ተከናንባ ሄደችና ከበሩ አጠገብ ተቀመጠች።

የመጣው የፈረንጅ ቀልድ ነው። ቋንቋው እንግሊዝኛ ስለሆነ ተመልካቹ ወሬውን የሚያገኘው ከአቶ ወዬሳ ነው፤ እሳቸውም ከፈረንጅ ጋር ስለሠሩ ከሦስት ቃል አንዱን ይይዛሉ።

«ሰውዬው ሞቷል» አሉ። «ሞቶ ቤቱ ተመለሰ። እኛ እናየዋለን፣ ሚስቱ ግን አታየውም።»

«ታዲያ የሚስቁት እነማን ናቸው?» አለች ወርቅአፈራሁ። የእድራቸው የሴቶች ሰብሳቢ ናት፤ በሰፈሩ ማን እንዳለቀሰና ማን እንዳላለቀሰ የምታውቅ ሴት። እውነትም ሟቹ አንድ ነገር ባደረገ ቁጥር ከሣጥኑ ውስጥ የማይታይ ሕዝብ ይስቃል።

«ሰዎች ናቸዋ።»

«የታሉ ሰዎቹ? እነዚህስ ራሳቸው መናፍስት ናቸው!» አለችና አማተበች። ካማተበች በኋላ ግን ወንበሯን ወደ ሣጥኑ ጠጋ አደረገች።

ሟቹ የእንግዳ ባርኔጣ ያነሣል፣ መብራት ያጠፋል፣ ሰው ሊቀመጥ ሲል ወንበር ይስባል። ሸዋገነት ዝም ብላ ታያለች። ከዚያ ሚስትየው ለመውጣት ለባብሳ አንድ ጫማዋን አደረገች። ሟቹ ሌላውን ብድግ አድርጎ ሾርባ ድስት ውስጥ ከተተና ክዳኑን ገጠመበት። ሚስቱ በአንድ እግሯ እየዘለለች ቤቱን ታተራምሳለች፤ እሱ እጁን አጣጥፎ ቆሞ ያያታል።

ሸዋገነት ሳቀች። ከት ብላ፣ ሆዷን ይዛ፣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። የማይታዩት ሰዎች ሳቃቸውን ጨርሰው እሷ ገና ነበረች። ቀና ስትል ቤት ሙሉ ሰው ከቴሌቪዥኑ ዞሮ እሷን ያያል።

«ውይ በሞትኩት!» አለች ወርቅአፈራሁ። «ዓመቱ እንኳ ሳይሞላ!»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ የሚባለው ለቃል ብቻ አይደለም፣ ለሳቅም ነው። ሸዋገነት አፏን በነጠላዋ ይዛ ወጣች። አፍራለች። ደግሞም ደስ ብሏታል፤ ከስምንት ወር ወዲህ ባሏን እንደዚያን ማታ ቅርብ ሆኖ አግኝታው አታውቅም። ደስ ማለቱ ከማፈሩ ይልቅ አስፈራት።

በማግሥቱ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ወርቅአፈራሁን ከደጃፏ ስትወጣ አገኘቻት። «እማማን ልጠይቃቸው ብዬ ነው» አለችና ዓይኗን ሳታሳያት አለፈች። ገብታ ከአልጋው አጠገብ ቆመች።

እማማ ብርቅዬ ከግድግዳው ሳይዞሩ፣ «ሳቅሽ አሉ» አሏት።

አስሎኝ ነው ማለት ትችል ነበር። አሰበችው እንጂ አልወጣላትም።

«ሳቅኩ፣ እማማ።»

«በከልሽ?»

«በከሌ።»

«ወርቅአፈራሁ፣ ከዚህስ ልጅዎ ጋ ይሻልዎታል አለችኝ።» ብርድ ልብሱን ወደ ትከሻቸው ሳቡ። «ለመሆኑ በምን ሳቅሽ?»

ሸዋገነት ነገረቻቸው። የሞተ ሰው ቤቱ እንደተመለሰ፣ ሚስቱ እንደማታየው፣ ጫማዋን ድስት ውስጥ እንደደበቀባት፣ ሴትዮዋ በአንድ እግሯ እንደዘለለች ነገረቻቸው። ይሄኔ ጅማ ይሄዳሉ ብላ ልቧ ቁርጡን ዐወቀ።

«የቱን ነው የደበቀው?» አሉ እማማ ብርቅዬ።

«ምኑን?»

«ጫማውን ነዋ። የቀኙን ነው የግራውን?»

ሸዋገነት የቱ እንደሆነ ልብ አላለችም ነበር። ስለ አንድ አጠና እንኳ ዋሽታ የማታውቀው ሴት፣ «የግራውን» አለች።

እማማ ብርቅዬ ቀስ ብለው ከግድግዳው ዞሩ። «እሱም ከልጅነቱ ጀምሮ የግራዬን ነበር» አሉ። ስለ ጅማ አላነሡም።

ሳምንቱ እንደወትሮው አለፈ። ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ሸዋገነት ከአጠና ተራ ስትመለስ እማማ ብርቅዬ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብለው፣ ነጠላቸውን ለብሰው አገኘቻቸው።

«ጫማዬን አቀብዪኝ» አሉ። «አቶ ወዬሳ ቤት ታደርሺኛለሽ።»

ሸዋገነት ተንበርክካ ከአልጋው ሥር ሁለቱንም አወጣችና አቧራቸውን ልታራግፍ ወደ ጓዳ ይዛቸው ገባች። ስትመለስ የያዘችው አንድ ጫማ ነበር፤ የቀኙ። እግራቸው ሥር አኖረችላቸው።

«የግራውስ?»

«እንጃ፣ እማማ» አለች ሸዋገነት፣ አፏን በነጠላዋ ይዛ።

እማማ ብርቅዬ ትኩር ብለው አዩዋት። ከዚያ በአንድ እግራቸው ጫማ አድርገው፣ ግድግዳውን እየደገፉ ወደ ጓዳ ሄዱና የዱቄቱን ቆርቆሮ ክዳን አነሡ።