ወደ በረራ የመለሰኝ ዋስ

ይህ ነገር የደረሰብኝ በደርግ ጊዜ፣ በሰባዎቹ አጋማሽ ነው። ከዚያ ዘመን ብዙ ነገር ረስቻለሁ። አብረውኝ ከታሰሩት የአብዛኞቹ ስም እንኳ ጠፍቶብኛል። ይህን ግን መርሳት አልቻልኩም። ዛሬም የምኖረው እዚያው ኮልፌ ነው፤ ነገሩ ከማንም በላይ የጎዳቸው ሴትም ከእኔ ቤት ጥቂት ግቢ ራቅ ብለው ይኖራሉ። ታክሲ ስጠብቅ አገኛቸዋለሁ። ለቅሶ ቤት አገኛቸዋለሁ።

ሥራዬ አውሮፕላን ማብረር ነበር። ዳኮታ የምንላትን ባለ ሁለት ሞተር የጭነት አውሮፕላን ይዤ ያላረፍኩበት የአገራችን ሜዳ የለም ማለት እችላለሁ። አብዮቱ እንደፈነዳ አንድ የሥራ ጓደኛዬ ወደ ውጭ ሸሸ። ምሳ አብረን እንበላ ስለነበር “ሳታውቅ አትቀርም” ተብዬ ታሰርኩ። አላውቅም ነበር። የሚያምነኝ ሳላገኝ ዓመታት አለፉ። በመጨረሻ የለቀቁኝም አምነውኝ አይመስለኝም፤ እስረኛው በዝቶ ቦታ ስለጠበባቸው ነው።

ስወጣ ባለቤቴ ሙሉ ልጆቻችንን ይዛ ኮልፌ እናቷ ቤት ገብታ ነበር። የድሮ መሥሪያ ቤቴ ስሄድ ዘበኛው ከበር መለሰኝ። ሥራ ፈትቼ ስቀመጥ አንድ የሙሉ ዘመድ ከገበያው ጀርባ ያለ ብረት ቤት አስገባኝ። አሮጌ በርሜል እየቀደድን፣ እየቀጠቀጥን የከሰል ምድጃ እንሠራለን። ሰፈሩ ማን እንደነበርኩ ለማወቅ ብዙ አልቆየም። “ካፒቴን” ይሉኝ ጀመር። አስራ ስምንት ማዞሪያ ያሉት ቡና ቤቶች በር ላይ የሚቀመጡ ጎረምሶች ምድጃ ተሸክሜ ሳልፍ እጃቸውን እንደ ክንፍ ዘርግተው በአፋቸው የሞተር ድምፅ ያሰማሉ። አንድ ቀን ሴት ልጄ አብራኝ ነበረች። አውቃቸው እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ ጓደኞቼ ናቸው አልኳት።

ከመጨረሻ በረራዬ ሰባት ዓመት ያህል ካለፈ በኋላ፣ አንድ ከሰዓት የድሮ መሥሪያ ቤቴ ላንድሮቨር መጥቶ ብረት ቤቱ በር ላይ ቆመ። የወረደው ሰውዬ የአስተዳደር ሠራተኛ ነበር። አብራሪ አጥሯል፤ ከፊሉ ሸሽቷል፣ ከፊሉ ጦር ሜዳ ነው። የጤና ምርመራውንና የበረራ ፈተናውን ካለፍኩ ልመለስ እንደምችል፣ ግን መጀመሪያ ዋስ ማምጣት እንዳለብኝ ነገረኝ። በእኛ ሥራ ዋስ መሆን ቀላል ነገር አልነበረም። አብራሪው አውሮፕላን ይዞ ከጠፋ በእሱ ፋንታ የሚታሰረው ዋሱ ነው። ያውም የመንግሥት ደሞዝተኛ መሆን አለበት።

መጀመሪያ የሄድኩት ታላቅ ወንድሜ ጋ ነው። ምሳ አበላኝ፣ ስለ ልጆቹ አወራኝ፣ እስከ ፌርማታው ሸኘኝ። አውቶቡሱ ሲመጣ “እኔ እንኳ ባምንህ፣ ሚስቴ ትፈራለች” አለኝ። የሙሉ አጎት ደግሞ እቤት ቁጭ ብሎ የለም አስባለ። ድምፁን ከጓዳ እሰማው ነበር።

ጋሽ ተሰማን የማውቃቸው በእጄ ምክንያት ነው። ዘነበወርቅ ካለው ሆስፒታል ድሬሰር ነበሩ። ቆርቆሮ በቆረጠኝ ቁጥር በረንዳቸው ላይ አስቀምጠው ቁስሌን ያጥቡልኛል። ጴንጤ ነበሩ፤ በቤታቸው ሰው ሰብስበው ሲጸልዩ ተይዘው ቀበሌ ታስረው ያውቃሉ። ስለዚህ ከሌላው ጎረቤት ጋር የማላወራውን ከእሳቸው ጋር አወራለሁ። ያን ቀን ዋስ ማጣቴን የነገርኳቸው እንዲሆኑልኝ አልነበረም፤ ሆድ ስለባሰኝ ነው። እሳቸው ግን እጄን ጠቅልለው ሲጨርሱ “እኔ እሆንሃለሁ” አሉ።

ደነገጥኩ። ስኳር እንዳለባቸው፣ በየቀኑ መርፌ እንደሚወጉ አውቃለሁ። ይህንኑ ነገርኳቸው።

“አንተ ከቀረህ እኔን የሚወስዱኝ የማውቀው ቤት ነው” አሉ እየሳቁ። “ደግሞስ የት ትቀራለህ?”

ባለቤታቸው እትዬ አስካለ አልሳቁም። በሩ ላይ ቆመው ሲሰሙ ነበር። ወደ እኔ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡና ዓይን ዓይኔን እያዩ “ትመለሳለህ?” አሉኝ።

“እመለሳለሁ” አልኳቸው።

“እንግዲህ ጌታ ይስማህ” ብለው ተነሱ።

ምርመራውን እንደምንም አለፍኩ። ብረት ስቀጠቅጥ ኖሬ ጆሮዬ ደክሟል፤ ሐኪሙ ደጋግሞ ከሞከረኝ በኋላ ነው የፈረመልኝ። ፈተናውን የሰጠኝ ከመታሰሬ በፊት ራሴ ያሠለጠንኩት ልጅ ነበር። ያኔ ጋሼ ይለኝ ነበር፤ አሁን አለቃ ሆኖ አንተ ይለኛል። የመጀመሪያውን ቀን አውሮፕላኗ በእጄ እየተናጠች አስቸገረችኝ። ስንወርድ ሌሎች አብራሪዎች በቆሙበት “መዶሻ የያዝክ ነው የሚመስለው” አለኝ። ሳቁ። ያለው ግን እውነት ነበር።

ቀስ እያለ እጄ ለቀቀልኝ። አንድ ጠዋት እንደ ድሮዬ ለስላሳ አድርጌ አወረድኳት፤ ልጁም ማለፊያዬን ፈረመልኝ። ያን ቀን ከማዞሪያው እስከ ቤቴ ስሄድ ጎረምሶቹ ክንፋቸውን ዘርግተውልኝ እንደሆነ አላየሁም። ሙሉ አዲሱን ሸሚዜን እየዘፈነች ስትተኩስ ደረስኩባት። ጋሽ ተሰማ ቤት ሄጄ ማለፌን ስነግራቸው እጄን ይዘው ጸለዩልኝ።

የመጀመሪያ በረራዬ ወደ ምዕራብ፣ ድንበር አቅራቢያ ወዳለ ከተማ መድኃኒት ማድረስ ነበር። እኔ ረዳት አብራሪ ነኝ። ዋናው አብራሪ ዝምተኛ ሰው ነበር፤ አስተናግዶኛል፣ ከፍላስኩ ሻይ ቀድቶልኛል። መድኃኒቱን አራገፍን። ስንመለስ ከመሬት እንደተነሳን የአውሮፕላኗን አፍንጫ ወደ ምሥራቅ ማዞር ሲገባው ወደ ምዕራብ ያዘ። መጀመሪያ ደመና እየሸሸ መሰለኝ። አቅጣጫው እንዳልሆነ ነገርኩት። ደግሜ ስነግረው ከጃኬቱ ሥር ሽጉጡን አሳየኝ። አላወጣውም፤ እንዳለ ብቻ አሳየኝና ወደማይመለስበት እየሄደ መሆኑን፣ ሚስቱን አስቀድሞ ማሻገሩን ነገረኝ።

ለመንኩት። እናቴንም እንደዚያ ለምኛት አላውቅም። ዋሴ በሽተኛ ሽማግሌ ናቸው፣ ይሞቱብኛል አልኩት።

ከፊቱ ዓይኑን ሳይነቅል “የእኔ ዋስ ወንድሜ ነው” አለኝ።

ሱዳን አረፍን።

እዚያ የያዙን ሰዎች ክፉ አልነበሩም። አንድ ቤት አስቀመጡን፣ አበሉን፣ ጥገኝነት እንድንጠይቅ ነገሩን። እኔ መመለስ እፈልጋለሁ ስላቸው ማንም አላመነኝም። ሰላይ ነው ብለው ለይተው አስቀመጡኝ። አስተርጓሚው ራሱ አገሩን ጥሎ የወጣ ሰው ነበር፤ “ታስረህ ኖረህ ወደ አሳሪህ ትሄዳለህ? ያምሃል?” ይለኛል። ዋናው አብራሪ ከሚስቱ ጋር ወደ ሌላ አገር ሲሄድ በመስኮት አየሁት። እኔ ቀረሁ። በየማለዳው ስነሳ የማስበው መርፌውን ነበር። ሰጥተዋቸው ይሆን? እትዬ አስካለን ያስገቧቸው ይሆን? በዚህ ዓይነት ሳምንታት ካለፉ በኋላ ምግብ አልበላም ብዬ ተኛሁ። ያኔ ነው ለአገሬ ኤምባሲ ሰዎች ያስረከቡኝ።

አዲስ አበባ ስደርስ ቀጥታ ወደ ምርመራ ወሰዱኝ። የደረሰውን ሁሉ ተናገርኩ፤ ደግሜ ደጋግሜ ተናገርኩ። በተናገርኩ ቁጥር መጨረሻ ላይ ዋሴን እንዲፈቱልኝ እለምናለሁ፤ ይኸው መጥቻለሁ፣ እሳቸው ምን በወጣቸው እላለሁ። አንድ ቀን መርማሪው ደከመውና “የእሱን ነገር ተወው፣ ጉዳዩ አልቋል” አለኝ። ተፈቱ ማለቱ መሰለኝ። ያን ዕለት ከሄድኩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠግቤ በላሁ።

ሊለቁኝ ሲወስኑ ወደ ቤቴ አልሰደዱኝም። መኪና ላይ ጭነው ቀጥታ የቀበሌያችን አዳራሽ አመጡኝ። ሕዝቡ ተሰብስቧል። ከሃዲዎች ሲሸሹ እናት አገሩን ብሎ የተመለሰ አብራሪ ተብዬ ልመሰገን ነው። የምናገረውን መኪናው ውስጥ አስጠንተውኛል። ሊቀመንበሩ መፈክር አሰምቶ ወደ መድረኩ ጠራኝ። ሙሉን ከፊት አየኋት፤ ልጆቹን ይዛ ታለቅሳለች። ከዚያ ጋሽ ተሰማን መፈለግ ጀመርኩ። እየተናገርኩ በዓይኔ ወንበር በወንበር እፈልጋለሁ። ከመሃል እትዬ አስካለን አገኘኋቸው።

ከሻሻቸው እስከ ቀሚሳቸው ጥቁር ለብሰዋል። አጠገባቸው የተቀመጠች ልጃቸውም ጥቁር ለብሳለች።

ንግግሬ ተቋረጠ። ሊቀመንበሩ ስሜት የያዘኝ መስሎት “ጓዶች፣ የአገር ፍቅር ነው” አለና ጭብጨባ ጠየቀልኝ። ሕዝቡ ተነስቶ አጨበጨበ። አብዮት ጠባቂዎቹ ግድግዳውን ተደግፈው ማን እንደሚያጨበጭብ፣ ማን እንደማያጨበጭብ ያያሉ። እትዬ አስካለም ተነሱ። ዓይናቸውን መሬት ላይ አድርገው አጨበጨቡልኝ።

ሲወጡ ተከትዬ ደረስኩባቸው። እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ልጃቸው ያዘችኝ፤ ሰው ያያል አለችኝ። ጋሽ ተሰማን ዜናው በተሰማ ማግሥት ከሥራ ቦታቸው ወስደዋቸው ነበር። እትዬ አስካለ መርፌውን ይዘው በየቀኑ እስር ቤቱ በር ይሄዳሉ፤ በየቀኑ ይመልሷቸዋል። የሞቱት እኔ አዲስ አበባ ከመድረሴ በፊት በነበረው ሳምንት ነው።

እትዬ አስካለ አልጮኹብኝም፣ አልተራገሙም። ነጠላቸውን አስተካክለው “መመለሱንስ ተመለስክ፤ ምነው ቶሎ ብትል” አሉኝና ሄዱ።

ጥቂት ቆይቶ መሥሪያ ቤቱ ጠራኝ። የአስተዳደሩ ሰውዬ ታማኝነቴ መረጋገጡን፣ ወደ በረራዬ ልመለስ እንደምችል አበሰረኝ። አንድ ነገር ብቻ ቀርቷል አለ፤ የቀድሞው ዋሴ ስለሌሉ ሌላ ዋስ ላምጣ። ይህን ሲል ፊቱ ላይ ምንም አልነበረም። የጠፋ መታወቂያ አሳድስ የሚለኝ ነበር የሚመስለው።

በዚያው ሰሞን ታላቅ ወንድሜ ኮልፌ ድረስ መጣ። አሁን አምኖኛል፤ ሚስቱም አትፈራም፤ ይፈርምልኛል። አመሰግናለሁ ብዬ ሸኘሁት። ወደ አውሮፕላኑም አልሄድኩም፣ ወደ ብረት ቤቱ ተመለስኩ። ሙሉ ይህን እስክትሞት ድረስ ይቅር አላለችኝም። የሞተውን አታስነሳው፣ ያሉትን ልጆች ለምን ትቀጣለህ ትለኝ ነበር። ሌላ ሰው ለእኔ ሲፈርም ማየት አልችልም፤ በቃ ያ ብቻ ነው።

ያን ታሪክ የሚያውቁ ሰዎች መመለሴን እያነሱ ያደንቁኛል። ሌላው ቢሆን ይቀር ነበር ይላሉ። እውነት ነው፣ ተመልሻለሁ። ግን አንድም ቀን ልቤ ደስ ብሎት አያውቅም። ምግብ አልበላም ማለቱን ከመጀመሪያው ቀን ብጀምረው ኖሮ እላለሁ። ሽጉጡን ብቀማውስ እላለሁ። አልጋዬ ላይ፣ ታክሲ ውስጥ፣ ቅዳሴ ላይ እላለሁ።

ባለፈው ክረምት እትዬ አስካለ ታመሙ። ልጃቸው አገር ውስጥ ስለሌለች ይዣቸው የሄድኩት እኔ ነኝ፤ ያው ጋሽ ተሰማ ይሠሩበት ወደነበረው ሆስፒታል። ክንዳቸውን ይዤ ደረጃውን ስንወጣ አንዲት ወጣት ነርስ ወንበር አቀረበችልንና “እማማ፣ ልጅዎ ነው?” አለቻቸው።

እትዬ አስካለ ወንበሩ ላይ ተቀመጡ።

“አይደለም” አሏት። “ባለቤቴ ዋስ የሆነለት ሰው ነው።”

ነርሷ ነገሩ ስላልገባት ፈገግ ብላ አለፈችው። እኔ ቦርሳቸውን ይዤ ከኋላ ተከተልኳቸው። አልተቀየምኳቸውም። እኔም ራሴን የማውቀው እንደዚያ ነው።