የነጃት ምንጣፍ የወረደ ዕለት

መምህርት ጽጌ፣ ዮናስ፣ ሐዊ፣ ቤቲ፣ ፈይሰልና እኔ። የዚያን ቅዳሜ በሸዋ በር ወደ ጀጎል የገባነው እኛ ብቻ ነበርን። የቀሩት የክፍላችን ልጆች ከሌላ መምህር ጋር ሐኪም ጋራ ወጥተው ነበር፤ ስለዚህ ሌላ ሰው "እኔም ነበርኩ" ቢል ተሳስቷል።

በሩ አጠገብ የተሰጣው በርበሬ በየተራ አስነጠሰን። መጀመሪያ ጥንታዊ የሐረሪ ቤት፣ ከዚያ መድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን እንደምናይ መምህርት ጽጌ ነገሩን። ቤቱ የእነ ፈይሰል ነበር። ፈይሰል ግን በየመንገዱ ስለ ግንቡ ከማስረዳት ይልቅ ስለ እህቱ ስለ ነጃት ያወራን ነበር። መኪና ግርግር በሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ላይ የሚሰፋው ኢስማኤል ይወዳታል፤ እሷም ትወደዋለች። ነገር ግን ሽማግሌ እልካለሁ እያለ ዒድ መጥቶ ዒድ ሄደ። በዚያው ሳምንት አንድ የድሬዳዋ ነጋዴ አስጠይቋት፣ አባቷ "ኢስማኤልን እስከ መቼ እንጠብቅ?" ማለት ጀምረዋል።

"መርፌ የማይፈራ ሰው አባቴን ይፈራል" አለን ፈይሰል።

ጫማችንን በር ላይ አውልቀን ገባን። ቤቱ ቀዝቀዝ ያለ ነበር፤ እርድ እርድ ይሸታል። ነደባ የሚሉት ደረጃ ደረጃ ያለው መደብ በቀይ አፈር ተለቅልቋል፤ ግድግዳው በስፌትና በሳህን ተሸፍኗል። የፈይሰል እናት እማማ ዘይነባ "መርሐባ! ከፍ በሉ ልጆቼ፣ ከፍ በሉ" ብለው ተቀበሉንና ቁጢ፣ የቡና ቅጠል ሻይ ሊያፈሉ ወደ ማድቤት ሄዱ። መምህርት ጽጌም ማድቤቱን ሊያዩ ተከተሏቸው። ፈይሰል ዳቦ ሊገዛ ተላከ። እኛ ከረጅሟ ነጃት ጋር ቀረን።

ቤቲ ለቤተ ክርስቲያኑ ብላ ነጭ ቀሚስ ለብሳ ስለነበር፣ ቀዩ መደብ ያቆሽሽብኛል ብላ አልቀመጥ አለች። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ የስፌቶቹን ጥለት እመለከት ነበር። ዱብ የሚል ድምፅ ሰምቼ ስዞር፣ ከበሩ በላይ ተጠቅልሎ የተሰቀለው ምንጣፍ ወርዷል። ዮናስ ይዘረጋዋል።

"ነይ ተቀመጪ! ምንጣፍ ተሰቅሎ ሰው ይቆማል እንዴ?" አላት ቤቲን።

ነጃት ሻሿን አፏ ላይ ይዛ ትስቃለች። ይሄኔ ጎረቤታቸው እማማ ሩቂያ ወንፊት ሊዋሱ ብቅ አሉ። የበሩን አናት አዩ፤ ነጃትን አዩ።

"ማሻአላህ! መቼ ታጨሽ?" አሉና እልልታቸውን አቀለጡት። ወንፊቱንም ረስተው ሄዱ።

እልልታውን ሰምተው እማማ ዘይነባ እየሮጡ መጡ። "ያ ረቢ! ይሄ ምንጣፍ እኮ እዚያ የሚሰቀለው ለትዳር የደረሰች ልጅ አለችን ለማለት ነው። የሚወርደው ስትታጭ ነው!"

ዮናስ ደነገጠ። "መልሼ ልስቀለው?"

"ምንጣፉስ ይሰቀላል። ሩቂያን ማን ይመልስልኛል?"

ቁጢያችንን ጠጥተን ወደ መድኃኔዓለም ስንወጣ መንገዳችን በመኪና ግርግር ነበር። ያ የስፌት መኪና ዘይት ሽታ ዛሬም አፍንጫዬ ውስጥ አለ። ወሬው ቀድሞናል። ኢስማኤል ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ መንገድ ዘጋብን።

"ፈይሰል፣ ምንጣፉ ወረደ የሚሉት እውነት ነው?"

ፈይሰል ሳይመልስ ዮናስ ደረቱን ነፍቶ፣ "አዎ፤ እኔ ነኝ ያወረድኩት!" አለ።

"አንተ?"

"ለቤቲ ብሎ ነው" አለች ሐዊ፤ ማስረዳቷ ነበር። ሰፊዎቹ ሁሉ መኪናቸውን አቁመው ሳቁ።

"አንተ ጨርቅ ለካ ኢስማኤል፤ ልጆቹ ቀድመውህ ይዳሩ!" አሉት አንድ ሽማግሌ ሰፊ።

መምህርት ጽጌ እውነቱን ቢያስረዱትም ኢስማኤል ተመልሶ አልተቀመጠም። ሱቁን ዘግቶ ወደ አጎቱ ቤት ሮጠ። ከመድኃኔዓለም ጉብኝት በደንብ የማስታውሰው የቤቲ ቀሚስ ንጹሕ እንደነበር ብቻ ነው። ሰኞ ፈይሰል ክፍል ሲገባ ገና ከበሩ "ሽማግሌ መጣ! አባቴም እሺ አለ!" ብሎ ጮኸ። ምንጣፉ ዳግመኛ ወረደ፤ አሁን በወጉ።

ዛሬ ጎብኚዎች ወደዚያ ቤት ሲገቡ አስጎብኚው የምንጣፉን ነገር ገና በር ላይ ይነግራቸዋል። ማንም አይሳሳትም። ስልካቸውን ከፍ አድርገው ፎቶ ያነሱትና ይወጣሉ። እኛ ግን ሳናውቅ ገብተን ለሰርግ ተጠርተን ወጣን።

ባለፈው ሄጄ መስቀያውን ለመንካት ሞከርኩ። ይህን ያህል አድጌ እንኳ የደረስኩበት በጣቴ ጫፍ ነው። ዮናስ ደግሞ ከክፍላችን አጭሩ ልጅ ነበር። ያን ጊዜ እዚያ ክፍል ውስጥ ምንጣፉን ማውረድ የምትችል ነጃት ብቻ ነበረች፤ ዛሬም ከእኔ ትረዝማለች። ልጆቿ መሐል ተቀምጣ ሳለ፣ ያወረድሽው አንቺ ነሽ ወይ ብዬ ጠየቅኋት።

"ቁጢ ልጨምርልህ?" አለችኝ።

ዮናስ፣ ሐዊ፣ ቤቲ፤ ይህን ካነበባችሁ ጻፉልኝ። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ነበር፤ እናንተ ግን አይታችኋል።