ጓንግን በኢሱዙ የተሻገርኩ ሰው

ሱዳን ውስጥ፣ ቁረይሻ ሰሊጥ አጨዳ ላይ ሳለን ነው። የእርሻው ባለቤት፣ እኛ ሐጂ የምንላቸው የገዳሪፍ ነጋዴ፣ አዲስ ፒክአፕ ገዝተው ሊያሳዩን መጡ። «ይህቺ ስፔሻል ናት፣ እንደሷ ያለ ብዙ አልተሠራም» አሉ። የጎማዋ ጥርስ ከእኔ ጥርስ ይበልጣል፤ ይህንስ አላጋነንኩም፣ የእኔን ብታዩት። ከፊቷ ቀይ መጎተቻ መንጠቆ ተተክሏል። የወንበሯ ፕላስቲክ ገና አልተገፈፈም። ማርሹ አጠገብ የምትዞር ቁልፍ አለች፤ አሸዋ፣ ጭቃና ድንጋይ ተሥሎባታል። አራተኛው ሥዕል በረዶ ነው። በረዶ፣ ለገዳሪፍ!

ሐጂ ደረቅ ቦይ ውስጥ አስገብተው አወጧት። ሠራተኛው ሁሉ አጨበጨበ። እኔ ደግሞ ለሌላ ሰው ሲጨበጨብ ዝም ማለት አይሆንልኝም።

«ይቺ ምን አላት?» አልኩ። «መተማ ሹፌር ሳለሁ የጓንግን ወንዝ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ሳለ በኢሱዙ ተሻግሬዋለሁ። አዞ መስኮቴን አንኳኩቶ ‹ጫነኝ› ብሎኛል።»

ሰው ሳቀ። ሐጂም ሳቁ። ግን ሰምተውኝ ኖሯል።

በሳምንቱ ሐጂ ሰሊጡን ሊያዩ ተመልሰው መጡ። ከቀትር በኋላ ማንም ያልጠበቀው ዝናብ ወረደ። ሲያባራ ሦስት ዓመት ከጎኔ ሆኖ ያጨደው የቋራ ባልንጀራዬ የራሰ ነዶ ሊያቆም አነሣ። ከነዶው ሥር እባብ ነበር። «ነከሰኝ» አለና መሬት ላይ ቁጭ አለ። ይህን ያህል ብቻ። ጮሆ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

መድኃኒቱ ያለው ገዳሪፍ ሆስፒታል ነው። ትራክተሩ ለጥገና ከተማ ሄዷል። የቀረችን ስፔሻሏ ናት። ሐጂ በር ከፈቱ፤ ከነጭቃችን ፕላስቲኩ ላይ ወጣን። እኔ ከኋላ ባልንጀራዬን አቅፌ ተቀመጥኩ። እጁ እስከ ክርኑ እንደ ሊጥ ኩፍ ብሏል።

ከሰፈራችን ሳንርቅ፣ ገና ዳሳችን እየታየ፣ ዝቅታው ላይ ጥቁሩ የዋልካ አፈር ያዘን። ዋልካ ዝናብ ሲነካው መንገድ መሆኑን ይረሳል። ሐጂ ቁልፏን ጭቃ ላይ አዞሩ። አሸዋ ላይ አዞሩ። በጭንቀት በረዶውንም ሞከሩ። ዲፈረንሻሉን ቆለፉ፣ ነዳጅ ረገጡ። ሞተሩ አገሳ፣ ጎማው ጭቃውን ሰማይ ላይ ለጠፈው፣ መኪናዋ ግን እንደ ጎሽ ሆዷን አስተኛች።

ባልንጀራዬን ላጽናና ብዬ «አይዞህ፣ እባቡ አንተን ነክሶ ነው የሚሞተው» አልኩት። ሳቀ። ሲስቅ ድዱ ላይ ደም አየሁ። ከዚያ በኋላ ቀልድ ከአፌ ጠፋ።

ሐጂ ወረዱና የእኔን በር ከፈቱ። «ና ያ ዞል፣ አንተ ሰው፣ አንተ ንዳ። ጓንግን የተሻገርክ ሰው ይሄ ምንህ ነው?»

መሪው ፊት ተቀመጥኩ። ባልንጀራዬ ከኋላ አየኝ። ነዳጅ ብረግጥ ይበልጥ እንደምቀብራት አውቃለሁ፤ ከተቀበረች ደግሞ እሱም አብሯት ነው።

«ሐጂ፣ ዋሽቻለሁ» አልኩ። «ሹፌር ሆኜ አላውቅም። ረዳት ነበርኩ።»

ከኋላ የደከመ የባልንጀራዬ ድምፅ መጣ፦ «ሦስት ዓመት ሙሉ አውቅ ነበር። ሹፌር ብትሆን ከእኔ ጋር ምን ልታጭድ ትመጣለህ?»

«ረዳት ሥራው ከታች ነው፤ እርስዎ ይንዱ፣ እኔ ልውረድ» አልኩና ጭቃ ውስጥ ተንበረከክሁ። ቫልቮላውን በክብሪት እንጨት ተጭኜ ጎማውን ማስተንፈስ ጀመርኩ።

«አዲስ ጎማ!» ብለው ጮኹ ሐጂ።

«ሲጠብ ይሰምጣል፣ ሲሰፋ ይረግጣል። ይተዉኝ።»

አራቱንም እስኪሰፉ አስተነፈስኩ። ሠራተኞቹ ነገሩ ገብቷቸው የምንተኛበትን ዳስ ጣሪያ ገፈው የማሽላ አገዳውን ተሸክመው መጡ። ጎማው ሥር አነጠፍነው።

«ሐጂ፣ ቀስ! ነዳጅ አይስጧት። እንደ እርጉዝ በቅሎ ያስኪዷት!»

መጀመሪያ አልነቃነቅ አለች። ቀጥሎ አገዳው ሥሯ ተሰባበረ፣ ቂጧን ነቅነቅ አደረገች፣ ወጣች። ማንም አላጨበጨበም። እየሮጥኩ ተሳፈርኩ።

አስፋልቱ ላይ ስንደርስ መሽቶ አልነበረም። ሐጂ ፍሬን ያዙ። «ጎማውን እንንፋው? ረዳቱ ምን ይላል?»

ባልንጀራዬን አየሁት። ከንፈሩ ደርቋል፣ መልስ መስጠት ትቷል።

«ለመንፋት ጊዜ የለንም። ጎማው መሞቱ አይቀርም፣ ግን ቀስ ካሉ ሳይሞት ያደርሰናል።»

ሐጂ ፍሬኑን ለቀቁ። ገዳሪፍ ሆስፒታል በር ላይ ስንቆም ሁለቱ ጎማ ጨርቅ ሆኖ ነበር። ሐጂ ዞር ብለው እንኳ አላዩትም፤ በሽተኛውን በእግሩ በኩል እሳቸው ያዙ።

ተረፈ። እጁ ግን እስካሁን ማጭድ ሲጨብጥ ያመዋል። አሁን አዲስ ሠራተኛ በመጣ ቁጥር ታሪኩን የሚያወራው እሱ ነው፤ ክንድ የማትሞላውን እባብ ሞፈር አሳክሏታል። «ማን ነዳ?» ሲሉ እኔ «ሐጂ፤ እኔ ከታች ነበርኩ» እላለሁ፣ አንዲት ቃል አልጨምርም። መኪናዋ ላይ ስለተሣለው በረዶ ስነግራቸው ግን አንድ ሰው እንኳ አያምነኝም።

«በል እንጅ» ይሉኛል፣ «ደግሞ ጀመረው!»